ፋሲካ በባሕር ላይ

የአገራችን ሽማግሌዎች ዘመንን በቁጥር መጥራት አይወዱም። «ስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?» ብሎ ለሚጠይቃቸው ሰው «ጣልያን የገባ ጊዜ»፣ «የኅዳር በሽታ በገባ በዓመቱ»፣ «ለማርያም ሁለት ቀን ሲቀረው»፣ «ጾሙ ሳይያዝ» ብለው ይመልሳሉ። ዓመቱን ከበሽታና ከጦርነት፣ ቀኑን ከበዓልና ከጾም ጋር ያስሩታል። ባንክ ቤት ተቀምጦ ከጧት እስከ ማታ ቀን፣ ወርና ዓመት ሲያትም ለሚውል እንደ እኔ ላለ ሰው ይህ አነጋገር ትዕግሥት ያስጨርሳል። ሆኖም አያቴ በየትኛው ዓመት ወደ ኮሪያ እንደ ዘመቱ ለማወቅ በተነሣሁ ጊዜ፣ ወረቀቱ ሁሉ ጠፍቶ ሳለ መልሱን የሰጠኝ ይኸው የበዓል አቆጣጠር ነው። እስቲ ነገሩን ከሥሩ ልጀምር።

በሰኔ 1942 ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ጦር ደቡቡን ሲወር የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባላቱን የጦር እርዳታ ጠየቀ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰኔ 1928 ጄኔቫ ላይ ቆመው ስለ ተወረረች አገራቸው አቤት ብለው ሰሚ ያጡ ንጉሥ ነበሩና፣ ይህ ጥሪ ለእርሳቸው የሩቅ አገር ወሬ አልነበረም። ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣ ሻለቃ ጦር ተዘጋጀ፤ ስሙም «ቃኘው» ተባለ። አባ ቃኘው የንጉሠ ነገሥቱ አባት የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው፤ ራስ መኮንን በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የተሰለፉበት ስም።

(እዚህ ላይ የግጥም ሱስ ያለበት ሰው ትንሽ ይቁም ቢል ይቅር ይባላል። «ቃኘው» የሚለው ቃል ሲነበብ ትረካም ነው፣ ትእዛዝም ነው፤ «አየው፣ ሰለለው» ይላል፤ «እየው፣ ሰልለው» ይላል። ክራሩን ለሚያበጅ ሰው ደግሞ ሌላ ነው። ወታደርና አዝማሪ የሚጋሩት እንዲህ ያለ ግሥ በቋንቋችን ብዙ ያለ አይመስለኝም።)

እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ሦስት ሻለቆች በየተራ ዘመቱ። ቀዳማዊ ቃኘው በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ፣ ካልዓይ ቃኘው በሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ፣ ሣልሳይ ቃኘው በሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ ተመሩ። ሦስቱም በአሜሪካ ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ውስጥ ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ተሰልፈው ተዋጉ። ከመቶ ሃያ በላይ ሞቱ፣ ከአምስት መቶ በላይ ቆሰሉ። አንድም ሰው አልተማረከም። ቡሳን በተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ተቀብረው የነበሩት አጽሞችም ኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል።

አያቴ ከእነዚህ ከሦስቱ በአንዱ ውስጥ ነበሩ። በየትኛው? በቤታችን የሚያውቅ አልነበረም። እኔ አላገኘኋቸውም፤ በ1981 ዓ.ም. ሲያርፉ እኔ ገና አልተወለድሁም። እናቴ የምታውቀው አባቷ «ኮሪያ» የሚለውን ቃል ከቤት ውጭ አንድም ቀን ሲያነሡ አለመስማቷን ነው።

ለዚህ ዝምታ ምክንያት ነበረው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚልን ሲጎበኙ፣ የክቡር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ መንግሥት ለመገልበጥ ተነሡ። የምድር ጦሩና አየር ኃይሉ በተቃራኒው ቆሙ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ወንድም ከወንድሙ ተታኮሰ። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው ከተገደሉት መካከል ሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ይገኙ ነበር፤ ቃኘው ወደ ኮሪያ ሲላክ የክቡር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት ሰው ማለት ናቸው። ኮሪያ ላይ በአንድ ባንዲራ ሥር የተሰለፈ ክፍል በስምንት ዓመት ውስጥ በገዛ ከተማው ላይ ጠላት ተብሎ ታደነ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የክቡር ዘበኛ ወታደር መሆን በየሰፈሩ የሚያስጠቁም፣ የሚያስይዝ ነገር ሆነ።

ሴት አያቴ ያን ጊዜ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነበሩ፤ እናቴን ገና ያጠቡ ነበር። ዛሬ ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷል፤ ጆሮአቸው ደከም ቢልም ነገር አይስቱም። የዚያን ሌሊት ሥራቸውን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።

«ወረቀት የተባለውን ሁሉ ምጣድ ሥር ማገድሁት። ማኅተም ያለበትን አስቀድሜ። ሜዳሊያውን እሳት አይበላውም፤ እሱን ሽንት ቤት ጉድጓድ ጣልሁት። አያትህ በሦስተኛው ቀን ተይዘው ሄዱ፤ ቤቱን በረበሩት፤ ምንም አላገኙም።»

«እሳቸው ሲመለሱ ምን አሉ፣ እማማ?»

«ምን ይላሉ? ምጣዱን አዩት። እኔንም አዩኝ። ከዚያ ምሳ በላን።»

አያቴ ከእስር ሲለቀቁ ወደ ጦሩ አልተመለሱም። በአንድ የቡና መጋዘን የሚዛን ተቆጣጣሪ ሆነው ቀሪ ዕድሜአቸውን ኬሻ ሲመዝኑ ኖሩ።

ሁለተኛው ዝምታ የመጣው በ1967 ዓ.ም. ነው። ደርግ ሥልጣን ያዘ፤ ውሎ አድሮም ከሰሜን ኮሪያ ጋር ተወዳጀ። ኮሪያ ሄዶ «ከኢምፔሪያሊስት ጎን ተሰልፎ» መዋጋት በቀበሌ ስብሰባ ላይ ሊወራ የሚገባው ታሪክ አልነበረም። በ1977 ዓ.ም. ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ የቆመው የትግላችን ሐውልት በሰሜን ኮሪያ እርዳታ የተሠራ ነው። አያቴ በዚያ በኩል ሲያልፉ ቀና ብለው ያዩት እንደ ሆነ እናቴን ጠይቄያት ነበር። «ባርኔጣቸውን ወደ ፊት ዝቅ ያደርጉ ነበር» አለችኝ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ዘማቾቹ እንደገና አደባባይ ወጡ፤ በደረታቸው ሜዳሊያ ታየ፤ አፍንጮ በር አካባቢም መታሰቢያ ቆመላቸው። አያቴ ግን ያን ቀን ሁለት ዓመት ቀድመውት ሄደዋል።

እንግዲህ ከእሳቱ የተረፈው አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ሴት አያቴ እሱን ማቃጠል አልሆነላቸውም። በቤቱ ካለችው የእመቤታችን ሥዕል መስተዋት ጀርባ፣ በካርቶኑና በሥዕሉ መካከል ሸሸጉት። ፈታሾቹ ፍራሹን ሲቀዱ ሥዕሏን ግን ተሳልመው አለፉ። በፎቶግራፉ ላይ አያቴ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ቀበቶአቸው ጠብቋል፤ ፈገግ ሊሉ ፈልገው የተዉት ይመስላል። በግርጌው የጃፓን ፊደል ያለበት የፎቶ ቤት ማኅተም አለ፤ ዘማቾች ለዕረፍት ወደ ጃፓን ይላኩ ስለ ነበር ይህ አያስገርምም። በጀርባው በአያቴ እጅ «ለማስታወሻ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ዓመቱ በግእዝ ቁጥር ተጽፏል፦ ፲፱፻፵... የመጨረሻዋን ቁጥር ሃምሳ ዓመት የጠጣችው እርጥበት በልታታለች። አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ስንት? ሦስቱም ሻለቆች የዘመቱት በአርባዎቹ ውስጥ ነው።

ይህች የጠፋች ቁጥር እንቅልፍ ነሣችኝ። በሥራዬ አንዲት ሣንቲም ስትጎድል መዝገቡ አይዘጋም፤ ሠራተኛው አምሽቶ ይፈልጋታል። ቀሪው ሁሉ ቢገጥምም የአንዷ አለመግጠም ሁሉን ያጠራጥራል።

ወደ ጽሑፎች ሄድሁ። ኪሞን ስኮርዲሊስ የተባለ ጸሐፊ ስለ ቃኘው በእንግሊዝኛ የጻፈው መጽሐፍ በ1954 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቶኪዮ ታትሟል፤ ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል የተባለው አሜሪካዊ የጦር ታሪክ ጸሐፊም ፖርክ ቾፕ ስለተባለው ኮረብታ በጻፈው መጽሐፍ የኢትዮጵያውያንን ቃፊሮች ውጊያ በአድናቆት ተርኳል። በእነዚህ ውስጥ መኮንኖችና ጀግና የተባሉ ወታደሮች ይጠራሉ። ተራው ወታደር በስም የሚገኘው በዝርዝር ውስጥ ነው፤ ዝርዝሩም በላቲን ፊደል ነው። እዚያ ላይ ሌላ ገደል አለ። የእኛን ስም ፈረንጅ ሲጽፈው ምን እንደሚሆን የባንክ ሠራተኛ ይጠየቅ! ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ ብሎ የሚጀምር ስም ለሁለት ይሰበርና ግማሹ የአባት ስም ይሆናል፤ እውነተኛው አባት ከወረቀቱ ይወጣል። «ጸ» በአንዱ ገጽ ሁለት ፊደል፣ በሌላው ሦስት ፊደል ናት። የአያቴን ስም የሚመስል ስም በሁለት ቦታ አገኘሁ፤ የአባታቸውን ስም የሚመስል ግን ከሁለቱም ጋር አልነበረም። ከእነዚያ አንዱን መርጬ «ይኸው አያቴ!» ማለት እችል ነበር። ማን ይከራከረኛል? ግን ፊርማው ያልተመሳከረ ቼክ አይከፈልም።

ወደ ሴት አያቴ ተመለስሁ። አያቴ ስለዚያ አገር በቤት ውስጥ፣ በሌሊት፣ ለእሳቸው ብቻ የነገሯቸውን ጠየቅኋቸው። ብዙ አልነበረም። ብርዱ፤ እንደ ጤፍ ዱቄት የሚበተነው በረዶ፤ በመንገድ ዳር ቆመው የሚያለቅሱ ሕፃናት፤ ከተራራ ላይ አዝለው ያወረዱት የአንድ የጎጃም ልጅ ሬሳ። በዚህ ሁሉ መካከል ግን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ነበሩ። ሴት አያቴ እንደ ዳዊት ቃል በቃል ይዘዋቸዋል።

«ፋሲካን ውሃ ላይ ፈሰክሁ፤ ዶሮ የለ፣ ዳቦ የለ፣ ዙሪያው ባሕር።»

«መስቀልን ደመራ ሳንደምር ሰማዩ በጥይት ነዶ አየነው።»

ይህን ስሰማ ወዲያው ብዕር ፈለግሁ። ፋሲካ ተንቀሳቃሽ በዓል ናት፤ በየዓመቱ ቀኗ ይለያያል፤ በየትኛው ዓመት በየትኛው ቀን እንደ ዋለች ደግሞ ባሕረ ሐሳብ ያውቃል። አባቶች በእስክንድርያው ድሜጥሮስ ስም የሚጠሩት ይህ የቁጥር ትምህርት ለአንድ ወታደር ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል ብሎ ማን ይገምታል! ልጅ ሳለሁ ከሰፈራችን የቆሎ ተማሪ የቀሰምሁትን አስታውሼ ተቀመጥሁ።

1943 ላይ 5500 ሲጨመር ዓመተ ዓለሙ 7443 ይሆናል። በ19 ሲገደፍ 14 ይተርፋል፤ «አሐደ አእትት ለዘመን» ብለን አንድ ስንቀንስ ወንበሩ 13 ነው። 13 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 23፤ 13 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 7። ሁለቱ ተደምረው 30 መሙላታቸው ሒሳቡ ትክክል ለመሆኑ ምልክት ነው (ባንክ ቤት ይህን ሚዛን ማስታረቅ እንለዋለን)። መጥቅዑ ከ14 ያነሰ ስለ ሆነ በጥቅምት ይውላል፤ ጥቅምት 7 ቀን ማክሰኞ ነበር፤ የማክሰኞ ተውሳክ 5፤ መባጃ ሐመሩ 12። በዚህ ላይ የፋሲካ ተውሳክ 9 ሲጨመር 21። በ1943 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 21 ቀን ነው።

ቀዳማዊ ቃኘው በዚያው በሚያዝያ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በባቡር ጅቡቲ ወረደ፤ «ጄኔራል ማክሬ» በተባለች የአሜሪካ መርከብ ተሳፍሮ በወሩ መጨረሻ ገደማ ቡሳን ደረሰ። ሚያዝያ 21 በሁለቱ መካከል ነው። እነዚያ ሰዎች ፋሲካን በእውነት በባሕር ላይ ፈስከዋል።

ቀጥዬ የሌሎቹን አሰላሁ። በ1944 ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ፤ ካልዓይ ቃኘው ግን በመጋቢት ኮሪያ ገብቶ ነበርና ፋሲካውን ያገኘው በየብስ ላይ ነው። ይህ ወጣ። በ1945 ፋሲካ መጋቢት 27 ቀን ነበር፤ ሣልሳይ ቃኘው ኮሪያ የደረሰው በሚያዝያ ነውና እሱም በዓሉን በጉዞ ላይ ሳያሳልፍ አልቀረም። እነሆ፣ ፋሲካ ብቻዋን ሦስቱን ወደ ሁለት አወረደችልኝ እንጂ አንዱን አልለየችልኝም።

መስቀል የቀረው ለዚህ ነበር። በመስኮቴ ጡረታቸውን ለመቀበል በየወሩ የሚመጡ፣ ኮታቸው ላይ የቃኘውን ዓርማ የሚሰኩ አንድ አባት ነበሩ፤ አሁን ነፍሳቸውን ይማር። ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ ቀን ሰልፉ ጋብ ሲል የትኛው ሻለቃ እንደ ነበሩ ጠይቄያቸው «ሣልሳይ!» ብለውኛል። ቀጥለውም፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «እኛ ሚያዝያ ገባን፤ ሐምሌ ላይ ተኩሱ ቆመ፤ አዲሱን ዓመት በጸጥታ ተቀበልን» አሉኝ። ያን ጊዜ ነገሩ ለእኔ የአንድ ሽማግሌ ጨዋታ ነበር። አሁን ግን እንደ ቁልፍ ገጠመ። የተኩስ ማቆም ስምምነቱ የተፈረመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ነው። በመስከረም 1946 ሣልሳይ ቃኘው መስቀልን ሲያከብር ሰማዩ አልነደደም። በመስከረም 1944 ግን ቀዳማዊ ቃኘው በተራሮቹ ላይ በውጊያ ውስጥ ነበር። በመስከረም 1945 ደግሞ ተረኛው ካልዓይ ነው፤ እሱን አስቀድማ ፋሲካ አውጥታዋለች።

ፋሲካን በባሕር፣ መስቀልን በተኩስ ያሳለፈ ሻለቃ አንድ ብቻ ነው። የጠፋችው የፎቶግራፉ ቁጥር ፫ ወይም ፬ ናት፤ አያቴ የቀዳማዊ ቃኘው ወታደር ነበሩ።

ይህን ስደመድም ደስታዬ እንደ ጠበቅሁት አልሆነም። ቀዳማዊ ማለት ከፊቱ ሄዶ የተመለሰ ማንም የሌለው ማለት ነው። ካልዓይና ሣልሳይ ሲሳፈሩ ቢያንስ ስለ ብርዱና ስለ ተራራው የሚነግራቸው ሰው ነበር። እነዚያ የመጀመሪያዎቹ፣ አብዛኞቹ ባሕር አይተው የማያውቁ፣ በሃምሳ አምስት ቀን ጾም የደከመ ሆዳቸውን ይዘው በማዕበል ላይ «ክርስቶስ ተንሥአ» ሲሉ ወዴት እንደሚሄዱ የሚያውቁት በስም ብቻ ነው። አያቴ ያን ጊዜ ሃያ አንድ ዓመታቸው ነበር። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ለዲግሪ ፈተና እንቅልፍ አጣ ነበር።

የዚህ ሁሉ ፍለጋ መነሻ አንድ የመቃብር ድንጋይ ነው። የአያቴ መቃብር በአሮጌው ድንጋይ ላይ ስማቸውና የሞቱበት ቀን ብቻ ስላለ፣ እናቴ ሊታደስ ሲል «የኮሪያ ዘማች» የሚል እንዲጨመርበት ፈለገች። ድንጋይ ጠራቢው ቀብድ ተቀብሎ «የትኛው ቃኘው?» ብሎ ጠየቃት፤ ሌሎች እንዲህ ስለሚያስጽፉ። እኔም መልሱን ይዤ ስመጣ እናቴ አለቀሰች። ሴት አያቴ ግን ጋቢአቸውን ሰብሰብ አድርገው ቆዩና «ተዉት» አሉ።

«ለምን እማማ? ዛሬ እኮ የሚያኮራ ነገር ነው። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ እንኳ፣ ቹንቾን በተባለች ከተማ፣ ለእነሱ የመታሰቢያ አዳራሽ ተሠርቶላቸዋል።»

«ዛሬ ነዋ! ያኔም ሲሄዱ ንጉሡ ባንዲራ ሰጥተው ነው የሸኟቸው። በዘጠኝ ዓመቱ ወረቀቱን አቃጠልሁት። መንግሥት ይለዋወጣል፣ ልጄ። ድንጋይ ደግሞ አይቃጠልም።»

እናቴ ተቆጣች፤ ሁለት ሳምንት ያህል በቤታችን ጉዳዩ አልተነሣም። እኔ በመካከል ሆኜ ሁለቱም እውነት አላቸው ከማለት በቀር የምጨምረው አልነበረኝም። አንድ ቅዳሜ ግን ሴት አያቴ ራሳቸው ጠሩኝ። ያን የባሕረ ሐሳቡን ወረቀት አምጣ አሉኝ፤ ቁጥሩን አንድ በአንድ እንዳነብላቸው አደረጉ፤ «ሚያዝያ ሃያ አንድ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያም «ፋሲካን በባሕር ላይ የፈሰከ» ተብሎ ቢጻፍ እንደሚስማሙ ተናገሩ። «ያወቀ ያውቀዋል፤ ያላወቀ ስለ ጾም ይመስለዋል» አሉ።

ድንጋይ ጠራቢው የሚያስከፍለው በፊደል ቁጥር ነው። እናቴ ወረቀቱን ስትሰጠው ቀና ብሎ አያት።

«ይኼ ምን ማለት ነው፣ እናቴ?»

«አንተ ብቻ ጻፈው» አለችው፤ ቀሪውንም ሒሳብ ከፈለችው።